ወርቅ ይበላል የተባለው በሽታ

እኛ ሰዎች ሳይንስ ሲነገረን ጆሯችን ደህና ነው፤ ችግሩ መራጭነቱ ነው። ከሚነገረን ሁሉ ቤታችን ያለውን ዕቃ የሚጠራውን ቃል ጥርት አድርገን እንሰማለን። ዝንጅብል ከተባለ ዝንጅብል አለን፤ ማር ከተባለ ማር አለን። የሌለንን ግን ነፋስ ይወስደዋል። እርስዎ እንዲህ አይደሉም? እንግዲያው ይለፉኝ፤ የኛ ግቢ ሰው ግን እንዲህ ነው።

ግቢያችን ሐረር፣ ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነው። አከራዬ እማማ ዘይነብ ይባላሉ። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጃቸው ሰሚራ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣችና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የጫቱ በርጫ ሞቅ ሲል ስለ ትምህርቷ ጠየቅናት። የካንሰር ሴል ስግብግብ ነው አለችን። ወርቅን በዓይን እስከማይታይ አድቅቀው፣ ሴሉ የሚወደውን ነገር ቀብተው ሲያቀርቡለት ምግብ መስሎት ዋጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ ልዩ ብርሃን ሲያበሩበት የዋጠው ወርቅ ይግልና ከውስጥ ያቃጥለዋል። አፋችንን ይዘን ቀረን። ገና ምርምር ላይ ነው፣ ሐኪም ቤት አይገኝም ብላም ነበር፤ እሷን የሰማ ግን የለም። ጆሯችን ወርቁ ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ እማማ ዘይነብ ጠዋት ጠዋት ግቢው መሀል ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው መቀመጥ ጀመሩ። በእርጅናው በርዷቸው መሰለን። ክረምቱ አልፎ የእህታቸው ልጅ ስትዳር ግን ሰርጉ ላይ ያለ አንዲት ወርቅ ብቅ አሉ። ሐረር ውስጥ እሳቸውን የመሰለች የትልቅ ቤት እመቤት ጆሮና አንገቷን ባዶ አድርጋ ሰርግ ስትሄድ ዝም የሚል ሰው ካለ አላውቀውም። ወሬው ወዲያው ፈረስ መጋላ ገበያ ደረሰ። ለመስጊድ ሰጡት ያሉ ነበሩ፤ እኔ ሸጠውታል ከሚሉት ወገን ነበርኩ።

ሰሚራ እንደገና ስትመጣ በሩ ላይ አቅፋ ሳመቻቸው። ደረታቸው ላይ አንድ ደረቅ ነገር ወጋት። እማማ ሸሸት ቢሉም ይዛቸው ገባች። ስትወጣ በእጇ ሻሽ፣ በሻሹ ውስጥ የአያቷ ወርቅ በሙሉ፤ ሐብሉም፣ አምባሩም፣ ጉትቻውም። ግራ ጡታቸው ላይ አስረውት ኖሯል። ከሥሩ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ለካስ ያን ቀን ሰሚራ ስታወራም እብጠቱ ነበረ፤ ለማንም አልተናገሩም።

እደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ ግን ከእኛ መደንገጥ በቀር ያስገረማቸው ነገር አልነበረም።

«እየበላ ነው» አሉን። «ፀሐዩንም አላጓደልኩበት። ኢንሻአላህ ይሞታል።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው፣ ለምርመራ ሊገቡ ሲሉ፣ ሰሚራን ለምነው ያስመለሷትን አንዷን ሐብል አውልቁ ተባሉ። መድኃኒትን በር ላይ የሚያስቀር ሐኪም ቤት ገና ዛሬ አየሁ ብለው አጉረመረሙ። ሐኪሟ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ እብጠቱን ብቻ ማውጣት ይበቃ እንደነበር ነገረችን። አሁን ግን ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ተነሳ።

ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ወርቁን ነው። ሰሚራ ሻሹን ፈታችላቸው። እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አዙረው ጠርዝ ጠርዙን አዩ፤ አንዱም አልተነካ። ከዚያ እጃቸውን ፋሻው ላይ አሳረፉ።

«ወርቁን አልቀመሰውም» አሉ። «እኔን ነው ለካ ሲበላ የከረመው።»

ሰሚራ ወርቁን መልሳ በሻሹ ቋጠረችው።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ናቸው፤ ሕክምናቸውንም ይከታተላሉ። በቅርቡ ደግሞ ሌላ ሰርግ ነበር። እማማ ዘይነብ ወርቃቸውን ሁሉ አድርገው፣ ሻርፓቸውን በግራ በኩል ደረብ አድርገው ገቡ። ሴቶቹ ከጆሯቸው እስከ አንጓቸው በዓይናቸው ፈተሿቸው፤ ከዚያም ከእማማ ዘይነብ ምንም እንዳልጎደለ ተማምነው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።