ሁለቱ ብሩዎች

በኛ አገር አያት የሚቆጠረው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ መሬት ሲፈለግ፣ ወይ ልጅ ሲዳር። መሬት ሲፈለግ የማንዛመደው ሰው የለም፤ ዘራችን ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ወርዶ፣ ለም ማሳ ካለበት ሁሉ ይደርሳል። ልጅ ስንድር ደግሞ «ሰባት ቤት ቢቆጠር አንገናኝም» ብለን እንገዘታለን። እናንተም ብትሆኑ ከሁለቱ አንዱን ሳታደርጉ አልቀራችሁም።

እኔን የገጠመኝ ሁለተኛው ነው። ልጄ ትዕግስት ከአረብ አገር ተመልሳ መካነ ሰላም ላይ ሱቅ እንደከፈተች፣ ሀብታሙ የሚባል የከላላ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ልጁ ጨዋ፣ ሽማግሌዎቹ አንደበተ ርቱዕ፤ እኔም ለወጉ ያህል ትንሽ ተኮሳትሬ እሺ ልል ስል፣ አንደኛው ሽማግሌ የልጁን ዘር መቁጠር ጀመሩ። አራተኛው ላይ «ብሩ» ሲሉ አክስቴ እትዬ ዘርፌ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«የቱ ብሩ? የወንዝ ዳሩ?»

«አዎን፣ የወንዝ ዳሩ» አሉ ሽማግሌው።

የወንዝ ዳሩ ብሩ የአያቴ አባት ነዋ! እንዲህ ከሆነ ሙሽሮቹ አራተኛው ቤት ላይ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ትዕግስት በማግስቱ ሱቋን ሳትከፍት ዋለች። ያን የተዘጋ ሱቅ ከማይ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ባለሙያው መዝገብ ገልጦ አባቴ ስም ላይ ደረሰና ቆመ። «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ያለው መሬት ነው እንጂ አያት አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከላላ ሄድኩ። የሀብታሙ አያት ወንድም አባባ ይመር በሕይወት አሉ። ወንድማቸው ክርስቲያን ነበሩ፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ወሎ ነውና ማንም ይህን ጉዳይ ብሎ አያነሳውም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ብሩማ አያቴ ነው» አሉኝ። «የናንተው ብሩ ደግሞ ሞክሼው ነበር። በዚያችው በወንዝ ዳር መሬት ተካሰው፣ እንደ ድሮ ተሟጋች ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ቆመዋል።»

«ሁለት ሰዎች ነበሩ እንዴ?»

«ሰው ከራሱ ጋር ይቋጠራል?»

ልቤ ዘለለ፤ ግን ያዝ አደረግኳት። «አባባ፣ በርስት የሚካሰሰው ዘመድ ነው። ያጎት ልጆች ቢሆኑስ?»

አባባ ይመር አፈር ብለው መሬት መሬት አዩ። «እንዳትቀየመኝ ልጄ። የአያቴ ክስ 'ይህ ሰው መጤ ነው፣ ካጥንታችን የለበትም' የሚል ነበር። ሰባት ቤት ቢቆጠር እንደማይዛመዱ ምስክር አቁሞ አስምሏል።»

«ማን ረታ?»

«መጤው። ዳኛው አበልጁ ነበር።»

በወሎ ቦረና ምድር አያቱን መጤ ሲሉበት ተደስቶ ጉልበት የሳመ ሰው ካለ እኔ ነኝ። እዚያው ቆሜ ትዕግስት ጋ ደወልኩ። «አትዛመዱም!» አልኳት። መጀመሪያ ለቅሶዋን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿን እልልታ ሰማሁ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ አባባ ይመር፤ እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ።

በመንገዴ ሁሉ ስለ ሁለቱ ብሩዎች ሳስብ መጣሁ። ተዋደው፣ ድንበር ተከባብረው ኖረው ቢሆን ማን ያስታውሳቸው ነበር? ፍቅር ከሰዎቹ ጋር ይቀበራል። ክስ ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፣ ሳይሸራረፍ ይወርዳል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠባቸው ሰርግ ሆነልን።

የተቀየሙት እትዬ ዘርፌ ብቻ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ነጠላቸውን ወርወር አድርገው ተነሡ።

«እኛን ነው መጤ የሚለን? አሁኑኑ ከላላ እሄዳለሁ!»

«በሞቴ እትዬ፣» አልኩ እጃቸውን ይዤ፣ «ሰርጉ እስኪያልፍ ብቻ መጤ እንሁን!»