ሽጉጥ የታጠቀ ሰው አይታቀፍም

ለመሆኑ ሽጉጥ ሲመረጥ ምኑ ይታያል? ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቴ ታደሰ «አትላንታ ሴፍ አይደለችም» ብሎ መጀመሪያ ትልቁን ገዛ። ሱሪውን እየጎተተ ቢያስቸግረው በትንሽ ለወጠው። ደግሞ እጀታው አልተመቸኝም ብሎ አስቀየረ። በመጨረሻ ቃታው ጠንክሮብኛል ብሎ አስላላው።

«አሁን ዝንብ ብታርፍበት ይተኩሳል» አለኝና ወገቡ ላይ ሻጠው። እኔስ ብነካው? ከዚያ ወዲህ አጠገቡ የምቀመጠው ትንፋሼን ይዤ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እህቱ ከሱዳን መጣች። ሰባት ዓመት ተለያይተው ነበር። አትላንታ ዳር ክላርክስተን ያለው አፓርትመንቱ በር ላይ ስታየው እጆቿን ዘርግታ ሮጠች። ታደሰ ሆዬ ወደ ኋላ ሸሸ! ግድግዳው ሲያግደው ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ በጣቶቹ ጫፍ ጨበጣት።

«ታዴ፣ ምን በደልኩህ?» አለችው እያለቀሰች።

ሽጉጡን ፈትቶ እንዳያስቀምጠው እሱ ራሱ መንካቱን ፈርቷል። ላብ አጠመቀው። እኛም ልንቀበላት የመጣነው ሁሉ፣ አንድ ሰው እንዳይገፋው እየጸለይን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ቆምን።

ከወንበዴ ይጠብቀኛል ብሎ የታጠቀው ሽጉጥ፣ እስከ ዛሬ የጠበቀው ከእህቱ ብቻ ነው።