መርከብ ያመለጠው ሰውዬ ወግ

[ሳሞአ፣ የሳሌሎሎጋ ወደብ፣ ጠዋት። ሁለት የአጎት ልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ማዶ ደሴት የእህታቸው ልጅ እኩለ ቀን ላይ ትዳራለች። ሰርጉ ላይ ዘመድን ወክሎ የሚደረገው ንግግር የተሰጠው አስተማሪ ለነበረው ለፋላኒኮ ነው፤ እሱም ቀልድ ፍለጋ የጉዞ ወጎች መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው። ሳካሪያ እግሩ ሥር የተጠቀለለ የሰርግ ምንጣፍና የተጠበሰ አሳማ በቅርጫት አስቀምጧል። ሳካሪያ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ የሚለው በተለይ ፋላኒኮ ነው።]

ሳካሪያ፦ ኧረ እኔ አልገባኝም። ሰውዬው ዘመድ የለውም?

ፋላኒኮ፦ ዘመድን ምን አመጣው እዚህ?

ሳካሪያ፦ ባዕድ አገር ሄዶ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ሾርባ መስሎት ጠጣ። እሺ፣ ይሁን። ግን ቁጭ ብሎ ሲጽፈው «ተው፣ ታሰድበናለህ» የሚል አንድ ዘመድ ይጥፋ?

ፋላኒኮ፦ አንተ ደግሞ፤ ወግ ማለት እኮ ይሄ ነው። ጸሐፊው የገዛ ጉዱን ያወራል፣ አንተ ትስቃለህ። ሰውን እንደ ሰው ጉድ የሚያስቀው የለም።

ሳካሪያ፦ እኔ ጉድ የለኝም።

ፋላኒኮ፦ ለዚህ ነዋ ንግግሩ ለእኔ የተሰጠው። አንተ ብትናገር ሙሽራዋም ታንቀላፋለች። አሁን ዝም በል፣ መርከብ ያመለጠው ቀን ላይ ደርሻለሁ። [ያነባል] «ከቀትር በፊት የምትሄደው መርከብ አንዲት ብቻ ነበረች...»

ሳካሪያ፦ የእኛም አንዲት ናት። ደግሞ መጣች።

ፋላኒኮ፦ አትቅደመኝ። ገና ሻንጣውን እያሰረ ነው።

ሳካሪያ፦ ሰው እየገባ ነው።

ፋላኒኮ፦ [ዓይኑን ከገጹ ሳያነሳ] ማን ነገረህ?

ሳካሪያ፦ እያየሁት።

ፋላኒኮ፦ ጎሽ፣ ተማርክ ማለት ነው። ጥሩ አንባቢ እንዲህ በዓይነ ልቦናው ያያል።

ሳካሪያ፦ መኪኖቹም ገቡ።

ፋላኒኮ፦ መኪና የለበትም። ከራስህ አትጨምር።

ሳካሪያ፦ አሳማውንስ ላስገባ?

ፋላኒኮ፦ የምን አሳማ? ሰውዬው ከብርቱካን ሻጭ ጋር ክርክር ገጥሟል። [ዕንባውን እየጠረገ ይስቃል] «ስለ ብርቱካን ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?» ይላታል። አዋቂ ነኝ ባይ!

[ሳካሪያ ሰውዬውን ያስባል፤ ፋላኒኮን ያያል፤ እንደገና ሰውዬውን ያስባል። ከዚያ ምንጣፉን ተሸክሞ፣ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ መርከቧ ላይ ይወጣል። መወጣጫው ይነሳል።]

ሳካሪያ፦ [ከመርከቧ ላይ] ፋላኒኮ! ተነሳች!

ፋላኒኮ፦ [እያነበበ] ተነሳች እኮ! እሱ ግን አያይም!

ሳካሪያ፦ አያይም!

ፋላኒኮ፦ እዚያው አፍንጫው ሥር ናት። ኧረ እንዲህ ያለ ነፈዝ እንዴት ተፈጠረ?

[ገጹን ሊገልጥ ቀና ይላል። አጠገቡ ሳካሪያ የለም። አሳማው የለም። ወደቡ ላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው።]

ፋላኒኮ፦ [እየሮጠ] ሳካሪያ! ለምን አልነገርከኝም?

ሳካሪያ፦ አራቴ ነገርኩህ። አትቅደመኝ አልከኝ።

ፋላኒኮ፦ ንግግሩስ? ማን ሊናገር ነው?

ሳካሪያ፦ እኔ።

ፋላኒኮ፦ አንተ ምን አለህና? ጉድ የለኝም አላልክም?

ሳካሪያ፦ አሁን አገኘሁ።

[ፋላኒኮ መጽሐፉን ያያል፤ መርከቧን ያያል። አሁን ገባው።]

ፋላኒኮ፦ ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ስሜን እንዳትጠራ!

ሳካሪያ፦ አልጠራም። ባዶ ወንበርህን አሳያቸዋለሁ።