ሳያመኝ

ሕልም የሌሊት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ አየሁ።

ሐኪሞች ቤቴ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ነበር። ነጭ ጋውን ለብሰው እየተገፋፉ ተራ ይጠብቃሉ። ከሰልፉ ፊት ሲቲ ስካን የሚሉት፣ የሳንባን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ትልቅ ማሽን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዋናው ሐኪም እጅ ነሳኝ።

«ጋሼ ደምመላሽ፣ ዕድሜ ልኩን ያጨሰና ምንም የማያመው ሰው አጥተን ነው። እባክዎ ይምጡልን» አለ።

አጭሼ አላውቅም ብዬ ልምል አፌን ስከፍት ጭስ ወጣ። ሐኪሞቹ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱኝ። የሆስፒታሉ ዘበኛ የሚያስሉትን ሁሉ ዘግይታችኋል፣ ሳያማችሁ አትመጡም ነበር ወይ እያለ ይመልሳል። አጥሩ ሥር ረጃጅም ሲጋራዎች ተቀምጠው ሰው ያጨሳሉ። አንዱ አምና በሳንባ ካንሰር የሞተውን የመኪና ረዳቴን ጎሹን በጣቶቹ መሀል ይዞታል። ጎሹ ከወገቡ በታች ነዶ አልቋል።

«ምን ይገትርሃል ሹፌር? ግባ እንጂ» አለኝ። «እኔ ሲያመኝ ነው የመጣሁት።»

ውስጥ ማሽኑ አልጋው ላይ ተንጋለለ፤ እኔ ዙሪያውን ዞርኩት። አትተንፍስ አልኩት፤ ትንፋሹን ያዘ። ፎቶው ላይ በሳንባ ፈንታ ሠላሳ ዓመት የነዳኋት የጭነት መኪናዬ የሊማሊሞን ዳገት ስትወጣ ታየች። ጋቢናው ውስጥ ሽምብራ የምታክል ነገር ተቀምጣለች።

«ማን አሳፈረሽ?» አልኳት።

«አንተው ነህ። ገና ትንሽ ነኝ፤ አሁን ውረጂ ብትለኝ እወርዳለሁ። አናቱ ላይ ከደረስን ግን መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ፍሬን ረገጥኩ። ውረጂ ልላት ስል ባለቤቴ የሺመቤት ጎኔን ጎሰመችኝ።

ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርን። ጎሹን ከቀበርን ወዲህ ሳያምህ ተመርመር እያለች ስትወተውተኝ ከርማ ያመጣችኝ እሷ ናት። ተራህ ደርሷል፣ ሲጋራ ማጨስህን እንዳትደብቅ አለችኝ። ብቻዬን ገባሁ። ሐኪሟ ከጽሑፏ ቀና ሳትል እንዴት ነዎት አባባ አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አልኳት። ለሰላምታ ሌላ መልስ አላውቅም።

እንግዲያው ሲያምዎት ይምጡ አለችኝ። ስለ ሲጋራው ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ጭስ አልወጣም። ቀጣዩን ጠራች።

የሺመቤት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አሉህ?»

«ደህና ነህ አሉኝ።»