ክቡር ሊቀ ማጥፊያ

ሊፍቱ ሞልቶብኝ በደረጃ ስወርድ ክቡር ሊቀ ማጥፊያ ከምንላቸው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ። መሸሻ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ገና ከወንበር ብድግ ስትሉ መብራቱን ድርግም የሚያደርግ፣ «ለማን ነው የሚበራው?» እያለ ኮሪደር ለኮሪደር የሚዞር። የእኛው ግን ይባስ ብለው የኮምፒውተር አዳራሹ ኃላፊ ናቸው። ስምንት መቶ ማሽኖች አንድ ሥራ ተካፍለው በሚሠሩበት አዳራሽ ላይ እሳቸውን መሾም፣ ውሃ የሚፈራን ሰው ዋና አስተምር እንደ ማለት ነው።

አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት እያለሁ መብራቱን አጠፉብኝ። ብጮህ፣ ከውጭ ሆነው «እጅ ለመታጠብ ዓይን ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ቻልኩት። የማቀዝቀዣውን ኃይል ቀንሰው አዳራሹን ሲያሞቁትም ሹራቤን አውልቄ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሥራዬ ሲመጡብኝ ግን ደሜ ፈላ። ዝናቡ ሳይጀምር ወንዙ የትኛውን ሰፈር እንደሚያጥለቀልቅ አስልቼ ማሳወቅ አለብኝ። እሳቸው የማሽኖቼን ፍጥነት ቀንሰውት አገኘሁ። ሰው ሊሰምጥ አምፖል ይቆጥራሉ ብዬ፣ ስሌቱ እስኪያልቅ እንኳን ሳልጠብቅ፣ ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። መጸዳጃ ቤት የጨለመባቸው ሁሉ ተሻምተው ፈረሙ። አለቆቻችንም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ፣ ከሰኞ ጀምሮ እሳቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወሩ አሉ።

ስሌቱ በተለመደው ሰዓት አለቀ። አይቻለሁ። አይቼም አፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

ደረጃው ላይ ታዲያ እልህ ያዘኝና፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ማሽኖቼን ምን አደረጓቸው?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራውን ስታካፍዪ ለአንዷ ማሽን እጥፍ ሸክም ሰጠሻት። የቀሩት ቶሎ ይጨርሱና እሷን ይጠብቃሉ። ቆመው ሲጠብቁ ደግሞ ልክ እንደሚሠሩ ሆነው ነው ኃይል የሚፈጁት። እነሱን ዝግ እንዲሉ አደረግኋቸው፤ ከእሷ እኩል ደረሱ። እሷን አልነካኋትም። ኃይሉ በሲሶ ቀነሰ።»

ጨስኩ። ይህን አስቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ሦስት ጊዜ ኢሜይል ልከውልኝ ነበር። እኔ የእሳቸውን ኢሜይል ሳልከፍት ነው የምሰርዘው፤ ከ«መብራት አጥፉ» ሌላ ምን ይጽፋሉ ብዬ። አሁን ማንን ልቆጣ? ስሌቱ ስንት ሰዓት እንዳለቀ ማየት ያቃታቸውን አለቆች? ተሻምተው የፈረሙትን? አንደኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲነዘንዙኝ፣ የሸክም ክፍፍሌን ተቀምጦ ያጠና ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴ አላጠናሁትም። ያለ እሳቸው የሚቀረው አዳራሽ ታየኝና ሆዴ ባባ፤ ይህም አናደደኝ።

«ዛሬውኑ አቤቱታውን እሽራለሁ፤ እንደገና እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ጥቂት ደረጃ ወርደው ነበር። ተመለሱ፤ እኔ ቆሜ እያለሁ የደረጃውን መብራት አጠፉና ከጨለማው ውስጥ እንዲህ አሉኝ፦

«ጻፊው። ግን እንደ በፊቱ ሦስት ገጽ አይሁን፤ ማተሚያውም መብራት ይበላል።»