የአንኮበር ትንኝ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንኮበር ውስጥ ነው። ለአገሩ ስም ሲል የገዛ ቁስሉን የሚክድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል።

ሥራዬ የትኛዋ ተናካሽ ትንኝ የት እንደምትገኝ ካርታ ላይ በነጥብ መመዝገብ ነበር። ትንኟ በቅሎ የሚገድል በሽታ ስለምታስተላልፍ፣ የበቅሎ ክትባት የሚላከው ነጥብ ወዳለበት ነው።

የአንኮበር አጥቢያ ዳኛ አንገታቸውን እያከኩ፣ «ልጄ፣ እዚህ ትንኝ የለም። ደብረ ሲና ላይ ጻፊው» አሉኝ።

«አሁን የነከሰችዎትስ?» አልሁ ቀስ ብዬ።

«እሷ መንገደኛ ናት!»

ደጃፋቸው ላይ በቅሏቸው በአፍንጫዋ አረፋ ትደፍቅ ነበር። እኔ ግን አፍሬ ነጥቡን ደብረ ሲና ላይ በእርሳስ አኖርሁት።

በማግስቱ ጠዋት በቅሎዋ ሞታ ተገኘች። ዳኛው፣ «ሰሞኑን ደብረ ሲና ወርዳ ነበር» አሉ አሁንም አንገታቸውን እያከኩ። ነጥቡን ፍቄ አንኮበር ላይ በቀለም አኖርሁት፤ ገና ለሚተነፍሱት የጎረቤት በቅሎዎች።