የሒሳብ ወንፈል

በእኛ አገር ስለ ጥናት የሚመክር ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከመካሪዎቹ አብዛኞቹ የፈተና ወረቀት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ናቸው። አንዱ በማለዳ አጥኚ ይላል። ሌላዋ ተልባ እንዳትጠጪ፣ ያጠናሽው ተንሸራቶ ይሄድብሻል ትላለች። ሦስተኛው ደብተርሽን ትራስ ሥር አድርገሽ ተኚ ብሎ ይምላል። እኔ ስምንተኛ ክፍል በነበርሁበት ዓመት ሁሉንም ሞክሬአለሁ፤ ደብተሩ አንገቴን አሳመመኝ እንጂ ወደ ጭንቅላቴ የላከው ነገር አልነበረም። ዛሬ ራሴ አስተማሪ ሆኜ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እንዴት እናጥና?» ሲሉኝ ታሪኩ ስለሚረዝም «በርቱ» ብዬ አልፋለሁ። እናንተ ግን ከተቀመጣችሁ አይቀር ልንገራችሁ።

ያን ዓመት ከሌላው ተማሪ የተለየ ፍርሃት ነበረብኝ። ታናሽ ወንድሜ ይታያል የሚከተለኝ በአንድ ክፍል ብቻ ነው። ከሰባተኛ ክፍል አንደኛ መውጣቱ ሳያንሰው የክፍል አለቃ ተደርጎ ተሹሟል። አለቃ ስላችሁ ቀላል ሹመት እንዳይመስላችሁ፤ ከእሱ ብዕር ያመለጠ አርፋጅ፣ ከእሱ ጆሮ የዳነ አውሪ የለም። እኔ የሚኒስትሪ ፈተናውን ብወድቅ ስምንተኛን የምደግመው ከእሱ ጋር፣ ያውም ከእሱ ሥር ሆኜ ነው። እስቲ አስቡት፤ ታላቅ እኅት በታናሽ ወንድሟ «ዝም በይ» ተብላ ስሟ ሲጻፍ! ሌላው ሰው የሚፈራው መውደቅን ነው፤ እኔ የምፈራው ይታያልን ነበር።

ስለዚህ መላ መታሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ አልክድም። አባቴና ጎረቤቶቹ ማሳቸውን በወንፈል ሲያርሱ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ዛሬ ሁሉም ተሰብስቦ የአንዱን ያርሳል፣ ነገ ደግሞ የሌላውን፤ ብቻውን ሳምንት የሚፈጅ ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። ለእርሻ የበጀ ነገር ለሒሳብ የማይበጅበት ምን ምክንያት አለ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እኛ ሃምሳ ባንሆንም ሦስት ነበርን። የጎረቤታችን ልጅ ማንደፍሮ በቃሉ ሲያባዛ የሚስተካከለው ስላልነበረ ሒሳብን ተረከበ። ዘይነባ አባቷ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ በየካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እያነበበች ስላደገች እንግሊዝኛ አያስደነግጣትም፣ እሱን ወሰደች። እኔ ሳይንስን ያዝሁ፤ የቀረው እሱ ነበራ። እያንዳንዳችን የደረሰንን አርሰን ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ በየቤታችን እየተገናኘን ልንካፈል ተስማማን።

አባቴ ወሬውን ሲሰማ ልጁ ቁም ነገረኛ በመሆኗ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ ተጨነቀ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በዓል ላይ ይውላል፤ ወንፈል ከሆነ ሥራ ነው፣ ሥራ ከሆነ ደግሞ በበዓል አይሠራም። ነገሩ የንስሐ አባታችን ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም፣ በበዓል የሚያርፈው እጅና በሬ ነው፣ ጭንቅላት ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያርፍ የከረመ ስላለ በበዓል ቢሠራ አይከፋም ብለው ፈረዱ። ስም አልጠሩም። እኔን እያዩ ነበር እንጂ ስምስ አልጠሩም።

ወንፈል ደግሞ ያለ ምግብ የለም። እናቴ «የወንፈል ሰው ከቤቴ ጾሙን አይወጣም!» ብላ ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ ድንች ቀቀለች፤ የባቄላ ንፍሮውን አትጠይቁኝ። በሳምንቱ ተራው የማንደፍሮ ነበርና የእሱ እናት ከእናቴ ላለማነስ ዳቦውን ሁለት አደረጉት። የዘይነባ እናት ይህን ሰምተው ሳምቡሳ ይዘው ብቅ አሉ። ከዚህ በኋላ ወንፈሉ የእኛ መሆኑ ቀርቶ የሦስት እናቶች ሆነ። ማንደፍሮ አንድ ስሌት ይሠራና «ገባችሁ?» ይለናል፤ እኛም ዓይናችን ከሳህኑ ላይ ሳይነሳ «ገባን!» እንላለን። ዘይነባ ታስረዳለች፣ ገባን። እኔ ስለ ደም ዝውውር አወራለሁ፣ ገባቸው። እንደ እኛ ቶሎ የሚገባው ሰው በጋይንት ምድር አልታየም። ደግሞስ ምን ያስጨንቀናል? ሒሳብን ማንደፍሮ ካረሰው ታርሷል፤ አንድን ማሳ ስንት ሰው ያርሰዋል?

ትምህርት ቤቱ የሞዴል ፈተና ሲሰጥ ሁላችንም የዘራነውን አጨድን። ማንደፍሮ በሒሳብ ከሁሉም በላጭ ሆነ፤ በእንግሊዝኛ ግን ከስሙ በቀር ትክክል የጻፈው አልነበረም። ዘይነባ በእንግሊዝኛ ተጨበጨበላት፤ ሳይንስ ላይ ጉበትን ከሳንባ አዛውራ አስቀመጠችው። እኔ በሒሳብ ከሃያ ሦስት አገኘሁ። ከሦስቱም አንዱ በግምት ነው። አፈርሁ፤ እንደ ሕፃን ተደብቄ አለቀስሁ። ይታያል ግን ሐዘኔን ሊካፈል መጣና በጣም በደግ ድምፅ፣ የሚመጣው ዓመት ቁመቴ አጭር ስለሆነ ከፊት ወንበር እንደሚያስቀምጠኝ፣ ስለ ማርፈድ ግን ዘመድ ብሎ ነገር እንደማያውቅ አስታወቀኝ።

አባቴ ሦስታችንንም ሰብስቦ ነገሩን ከሥሩ ጠየቀ። የሰጠነውን መልስ ሰምቶ ሲጨርስ አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን በተሻለን። «ለመሆኑ ገባን ያለው ማነው?» አለ። እኛው መሆናችንን ነገርነው። «አይ ልጆቼ! በወንፈል ማሳው ታርሷል የሚለው አራሹ ነው እንዴ? ባለማሳው ነው እንጂ፣ በእግሩ ዞሮ አይቶ! ከእንግዲህ ባለማሳው እኔ ነኝ። እኔ ሳይገባኝ ማንም ከዚች ቤት አይነሳም» አለና መደቡ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። አባቴ ትምህርት ቤት የገባው ለወላጆች ስብሰባ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ ላስታውሳችሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ማንደፍሮ ነው። «ኤክስ ማለት የማይታወቅ ቁጥር ነው፣ ጋሼ» ብሎ ጀመረ። አባቴም የማይታወቅ ከሆነ እሱ በምን እንዳወቀው፣ ቁጥሩም ጥፋት ከሌለበት ለምን እንደተደበቀ ጠየቀ። ማንደፍሮ ላቡን ጠረገ። ከዚህም ከዚያም እኩል ይቀነሳል፣ እያለ በአራት መንገድ ሞከረ። አባቴ አዳመጠና በመጨረሻ፣ «ታዲያ የአህያ ጭነት ነው አትለኝም! ከቀኙ ያነሳኸውን ያህል ከግራው ካላነሳህ ጭነቱ ይጋደላል» አለ። ማንደፍሮ አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልወረደልኝ ነገር በአህያ ተጭኖ ቤታችን ድረስ መጣ፤ ከደስታዬ ብዛት ብድግ ብዬ አጨበጨብሁ።

የእኔ ተራ ግን እንዲህ አልቀለለም። ተክል ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ያዘጋጃል ስል አባቴ በጥርጣሬ አየኝና፣ ራሱን የሚመግብ ከሆነ እሱ በየዓመቱ ፍግ ተሸክሞ ወገቡን የሚሰብረው ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። መጽሐፉን ስገለብጥ፣ አስተማሪውን ደጅ ስጠና ሳምንት አለፈ፤ መልሱን ይዤ ስመለስ ሌላ ጥያቄ ይዞ ጠበቀኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ አባቴ በመናገሩ ብዛት ባይሾምም ምሁር ሊሆን ትንሽ ቀረው። እንግሊዝኛን ብቻ ቅር ብሎት ነው የተቀበለው። ለሽማግሌውም ለሕፃኑም መጠሪያው አንድ መሆኑን፣ «አንቱ» የሚባል ነገር እንደሌለ ዘይነባ ስትነግረው፣ ይህን ቋንቋ ያስተማሩ ሰዎች አሳዳጊ ጎድሏቸዋል፣ ግን ለፈተናችሁ ስትሉ ቻሉት አለ። ከአባቴ ጥያቄ ፋታ ስለማናገኝ የእናቴ ዳቦ ከዚያ ወዲያ እየደረቀ ነበር የሚቆረሰው።

ሰኔ ደረሰና ተፈተንን። ወረቀቱን ሳገላብጥ ጥያቄዎቹ ሁሉ አባቴን አባቴን ሸተቱኝ፤ እንደ እሱ ጠማማ የሆነ ግን አንድም አላገኘሁም። ውጤቱ የመጣ ዕለት ዘይነባ መንገዱን ሁሉ እየሮጠች ደረሰች፤ ሦስታችንም አልፈናል! እናቴ እልል አለች። እኔ ማንደፍሮን አቅፌ ዘለልሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ይታያል ወዳለበት ሄድሁና የፊት ወንበሩን ለሌላ አጭር ሰው እንዲሰጥ በትሕትና ነገርሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ማታ ራት ላይ አባቴ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንች ከመጽሐፍሽ ጋር ስትውይ ውኃውን ማን ቀዳ፣ ከብቱንስ ማን ጠበቀ? ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም የሠራው ይታያል ነበር። ስንት ቅዳሜ እንደሆነም ራሱ ይታያል አስታወሰን፤ አሥራ ስድስት። አባቴ ነገሩን ብዙ አላስረዘመም፤ ወንፈል ወንፈል ነው፣ ሰው የሠራልሽን ትሠሪለታለሽ፤ የሚመጣው ዓመት ስምንተኛን ለሱ ታርሻለሽ አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ፤ አዲሶቹ ጓደኞቼ ቅዳሜ ሲዝናኑ እኔ የወንድሜን ማሳ አርስ ነበር። ልጁ ያን ዓመትም ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ መጽሐፉን ከእኔ በፊት አንብቦ ጨርሶታል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን እግሩን ዘርግቶ አባቴ በሚቀመጥበት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ካስረዳሁት በኋላም በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ «አልገባኝም፤ እንደገና» ይለኝ ነበር።